በ995 ዶላር የተገዛው ከረጢት በ1.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ

የጠፈር ዕቃዎች ጨረታ ከሮቤ እህል ገበያ ሲታይ

በሮቤ ገበያ ስንዴ ሊገዛ የመጣ ደላላ መጀመሪያ እጁን ጆንያው ውስጥ ሰድዶ አንድ እፍኝ ይዘግናል። ቀለሙን ያያል፤ አፈርና ገለባውን እፍ ብሎ ያበንናል፤ አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ እርጥበቱን ይፈትናል። ስለ ዋጋ የሚነጋገረው ከዚህ በኋላ ነው። ስንዴው ከሲናና ይምጣ ከጎባ ጥራቱን ዓይንና ጥርስ ይመሰክራሉ። ማን እንዳጨደው፣ በየትኛው ቀን እንደታጨደ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚጠይቅ የለም። ይመዘናል፣ ይከፈላል፣ ይጫናል።

ይህ ሁሉ የደላላ ሙያ ምንም የማይፈይድበት አንድ ገበያ አለ። በዚያ ገበያ ዕቃው አይቀመስም፣ አይመዘንም። ሁለት ፈጽሞ የሚመሳሰሉ ዕቃዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ መቶ ዶላር፣ ሌላው ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ይችላል። ልዩነቱ አንዱ ጨረቃ ደርሶ መመለሱ፣ ሌላው ደግሞ ከመጋዘን አለመውጣቱ ብቻ ነው። ገበያው ወደ ጠፈር ሄደው የተመለሱ ወይም ለጉዞው የተሠሩ ታሪካዊ ዕቃዎች የሚሸጡበት ጨረታ ሲሆን፣ ሶዝቢስ፣ ክሪስቲስ፣ ቦናምስና አር አር ኦክሽንን የመሳሰሉ አጫራች ድርጅቶች ይመሩታል።

ጉዳዩ ከባሌ ደጋ በጣም የራቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብርቅ ዕቃ፣ ጥንታዊ ገንዘብ ወይም "ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ" ይዘናል የሚሉ ሰዎች የነጋዴውን ደጅ በሚያንኳኩበት አገር፣ የዚህ ገበያ አሠራር ቢታወቅ የሚጠቅመው ለሩቅ ሰው ብቻ አይደለም።

የከረጢቱ ነገር

የዚህን ገበያ ጠባይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የአንድ ነጭ ከረጢት ታሪክ ነው። ከረጢቱ ስፋቱ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ሲያርፉ ኒል አርምስትሮንግ የመጀመሪያውን የአፈርና የድንጋይ ናሙና ለማስቀመጥ ተጠቅሞበታል። ጉዞው ካበቃ በኋላ ዕቃው ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሲተላለፍ ስሙ ተምታታ። በመጨረሻም ካንሳስ ውስጥ የአንድ የጠፈር ሙዚየም ኃላፊ የነበረ ሰው በሙዚየም ዕቃ ስርቆት ተከስሶ በተፈረደበት ጊዜ፣ ከተያዙት ዕቃዎች ጋር ተደባልቆ በመንግሥት እጅ ገባ። መንግሥትም ምንነቱን ሳያውቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በጨረታ አቀረበው።

አንዲት የኢሊኖይ የሕግ ባለሙያ በ995 ዶላር ገዛችው። ከዚያም ጠርጥራ እንዲመረመርላት ወደ አሜሪካ የጠፈር ድርጅት፣ ወደ ናሳ ላከችው። ናሳ መርምሮ የጨረቃ አቧራ አገኘበትና "ይህ የአገር ንብረት ነው፣ አልመልስም" አለ። ሴትዮዋ ከሰሰች። በታኅሣሥ ወር 2016 እ.ኤ.አ. የካንሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ መንግሥት ራሱ ባወጣው ጨረታ በቅን ልቦና የገዛችው ስለሆነ ከረጢቱ የእርሷ ነው ሲል ወሰነ። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈበት ዕለት መታሰቢያ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሶዝቢስ ኒው ዮርክ ላይ አጫረተውና 1.8 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

የሚገርመው ግን ገበያው ቅር መሰኘቱ ነው። አጫራቹ የገመተው ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሴትዮዋም በዚህ አላበቃችም። ናሳ በምርመራው ጊዜ ከከረጢቱ ያነሳው ጥቂት አቧራ እንዲመለስላት እንደገና ተሟግታ አስመለሰች። ያም አቧራ እ.ኤ.አ. በ2022 ቦናምስ ባወጣው ጨረታ 504,375 ዶላር አወጣ። ከረጢቱ አንድ ጊዜ፣ አቧራው ሌላ ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም"

የአገራችን ሰው ይህን ተረት የሚተርተው ለግትር ሰው ነው። በጠፈር ዕቃ ገበያ ግን ተረቱ የንግድ ሕግ ነው። ዋጋውን የሚወስነው የዕቃው ሐረግ ነው፤ ማን ሠራው፣ ማን ተጠቀመበት፣ ከእርሱ ወደ ማን ተላለፈ፣ ሲተላለፍስ በምን መብት? ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ከጎደለ ዋጋው ይወድቃል፤ አንዳንዴም ዕቃው ራሱ ይወረሳል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአንድ የእጅ ሰዓት ሽያጭ ነው። የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ያሰረው ቡሎቫ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 በአር አር ኦክሽን ጨረታ 1.625 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ናሳ ለጠፈርተኞቹ የሰጣቸው ኦሜጋ ሰዓቶች የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ለገበያ አይቀርቡም። የስኮት ቡሎቫ ግን የግል ዕቃው ነበር። ዋጋውን ሰማይ ያወጣው ይህ አንድ ነጥብ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄው ጠፈርተኞቹን ራሳቸውንም አስጨንቋል። የአፖሎ 13 አዛዥ ጂም ላቭል በጉዞው ላይ በእጁ ስሌት የሠራበትን መመሪያ ደብተር እ.ኤ.አ. በ2011 በ388,375 ዶላር ሲሸጥ ናሳ "የእርስዎ ለመሆኑ ማስረጃ አለ ወይ?" ብሎ ጥያቄ አነሳ። ነገሩ ብዙ ካነጋገረ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ጠፈርተኞች በማስታወሻነት ይዘዋቸው የቆዩ ዕቃዎች የግል ንብረታቸው መሆናቸውን አረጋገጠ። አፖሎ ያመጣው 382 ኪሎ የሚሆን የጨረቃ ድንጋይና አፈር ግን በዚህ ሕግ አልተካተተም፤ እስከ ዛሬም የመንግሥት ነው።

ይህን ያልተረዱ ወይም ያልፈለጉ ሰዎች መጨረሻቸው አላማረም። አሜሪካ ለሆንዱራስ በስጦታ የሰጠችው ከ1.2 ግራም ያነሰ የጨረቃ ድንጋይ ከአገሩ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ በ5 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ገዢ መስለው የቀረቡት ግን የመንግሥት መርማሪዎች ነበሩ። ድንጋዩ ተይዞ ኋላ ለሆንዱራስ ተመለሰ፤ ሻጩ ባዶ እጁን ቀረ።

ያልታጨደ ስንዴ የመግዛት ያህል

በዚህ ገበያ ከተደረጉት ሽያጮች ሁሉ ለባሌ ነጋዴ የሚቀርበው ምናልባት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ሶዝቢስ ኒው ዮርክ ላይ ያደረገው ይሆናል። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ፣ የጠፈር ፋብሪካዎቿ በጀት አጥተው፣ ባለሙያዎቿ ደመወዝ በሚቸግራቸው ጊዜ ያላቸውን ወደ ጨረታ አወጡ። ከቀረቡት መካከል ሉኖኮድ 2 የተባለችው በ1973 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ላይ ያረፈች ተሽከርካሪ ነበረች። ተሽከርካሪዋ ያለችው ግን እዚያው ጨረቃ ላይ ነው! የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪው ሪቻርድ ጋሪየት በ68,500 ዶላር ገዛት።

አዝመራው ማሳ ላይ ሳለ ዋጋ ቆርጦ የሚገዛ ነጋዴ ይህ አይገርመውም። እርሱም ገና ያልታጨደ፣ ዝናብ ወይም ዋግ ሊያገኘው የሚችል ስንዴ ይገዛል። ልዩነቱ የስንዴው ገዢ ኮምባይነር አስገብቶ ማሳጨድ መቻሉ ነው።

ትርፉ ሲሰላ

ስለ ሚሊዮኖች ሲወራ ብዙ ሰው የሚረሳው ስሌቱን ነው። በዚያው በ1993ቱ ጨረታ በሉና 16 መንኮራኩር የመጡ ሦስት ቅንጣት የጨረቃ አፈር ተሽጠዋል። ቅንጣቶቹን የሶቪየት መንግሥት ለሟቹ የጠፈር መሐንዲስ ለሰርጌይ ኮሮልዮቭ ሚስት በስጦታ ሰጥቷቸው ስለነበር፣ ባለቤትነታቸው ያልተጠረጠረ ብርቅ የጨረቃ ናሙናዎች ነበሩ። ያኔ 442,500 ዶላር አወጡ። ገዢው 25 ዓመት አስቀምጦ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያስጫርታቸው 855,000 ዶላር ተሸጡ።

እጥፍ እንኳ አልሞላም። በዓመት ሲታሰብ 2.7 በመቶ ገደማ ነው። በዚያው ዘመን የአሜሪካ የዋጋ ንረት በአማካይ በዓመት ከ2 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። በዚያ ላይ ማስቀመጫው፣ ኢንሹራንሱና የአጫራቹ ኮሚሽን አለ። እንግዲህ በዓለም ላይ ከሚገኙት ብርቅ ዕቃዎች ሁሉ የላቀውን የያዘ ሰው ገንዘቡን ከመርከስ አዳነ እንጂ ብዙም አላተረፈም። በጋዜጣ የሚወጣው የከረጢቱ ዓይነት ዕድል ነው፤ የማይወጣው የዚህ ዓይነቱ ነው።

ኮሚሽኑም በእህል ገበያ እንደሚታወቀው በኩንታል ጥቂት ብር የሚባል አይደለም። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ሶዝቢስ ከማርስ የመጣ ድንጋይ ሲያጫርት መዶሻው የወደቀው በ4.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ልዩ ልዩ ክፍያዎች ሲጨመሩ ግን ገዢው የከፈለው 5.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። አንድ ሚሊዮን ዶላር በመካከል ተጨመረ ማለት ነው። አገር ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በሚያወጣው ሐራጅ የለመደ ሰው፣ መነሻ ዋጋና ማስያዣ እንጂ እንዲህ ያለ ጭማሪ አይጠብቅምና መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን መሆን አለበት።

ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ

ያ የማርስ ድንጋይ 24.67 ኪሎ ይመዝናል። በሮቤ ሚዛን ሩብ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ነው። በኪሎ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቷል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኒጀር በረሃ ውስጥ ሲሆን፣ ሽያጩ ከተሰማ በኋላ የኒጀር መንግሥት "እንዴት ከአገር ወጣ?" በማለት ምርመራ ጀመረ፤ የከበሩ ድንጋዮችና የሰማይ ድንጋዮች ወደ ውጭ እንዳይላኩም አገደ። ድንጋዩ ግን ሄዷል።

ወደ እኛ ቀረብ ያለም አለ። ከአርሲና ከባሌ ደጋ የሚነሳው ዋቢ ሸበሌ በሚያቋርጠው የሶማሊያ ሂራን አካባቢ፣ ኤል አሊ በተባለ ቦታ 152 ኩንታል የሚመዝን የብረት ድንጋይ ነበር። እረኞች ለትውልዶች ቢላዋ ሲስሉበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦታው ተነሳ። በ2022 እ.ኤ.አ. የካናዳ ተመራማሪዎች ከእርሱ በተቆረጠች 70 ግራም ቁራጭ ውስጥ በምድር ላይ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ፣ ድንጋዩ ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና መወሰዱ ተዘግቦ ነበር። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1981 ሐረርጌ ጉርሱም ላይ የወደቀ የሰማይ ድንጋይ በዓለም መዝገብ አላት።

በባሌ ደጋ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ሞልቷል። ከሳኔቲ አምባ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው ምድር የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። ስለዚህ ጥቁርነቱና ክብደቱ ብቻ ምንም አያስረዳም። ማግኔት መሳቡም ብቻውን አይበቃም፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ብረት አዘል ስለሆነ በመጠኑ ይስባል። በውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሱ ቀዳዳዎች ካሉት በአብዛኛው የምድር ድንጋይ ነው። ከሰማይ የመጣው አየር ሲሰነጥቅ የተቃጠለ ስስ ጥቁር ልባስ ይኖረዋል፤ የመጨረሻው ፍርድ ግን የላቦራቶሪ ነው። ኒኬልና ሌሎች ማዕድናት ተለክተው፣ ውጤቱ ተጽፎ፣ በዓለም አቀፍ መዝገብ እስካልሰፈረ ድረስ ከባድ ገዢ አይቀርብም።

የላቦራቶሪ ወረቀት ቢገኝ እንኳ የባለቤትነቱ ነገር አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ "ከእርሻዬ ያገኘሁት ነው" የሚለው ቃል ለውጭ ገዢ የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

የእኛ ዕቃ በሰው አገር ጨረታ

ኢትዮጵያውያን ከዓለም ጨረታ ጋር የተዋወቁት በጠፈር ዕቃ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች በየጊዜው ብቅ ይላሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዶርሴት ለጨረታ የቀረቡት ዕቃዎች ከሽያጭ ወጥተው አንድ ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረክቧቸዋል። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ሊሸጥ ሲል በባለቤትነት ጥያቄ ተነሳ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ አወጣ። ከሁለቱም የሚታየው አንድ ነገር ነው። ጥያቄ ያለበት ዕቃ ይቆማል፤ ጥያቄው ሲፈታ ይንቀሳቀሳል።

ባሌም የሚጠበቅ ሀብት አላት። በባሌ ተራሮች በፊንጫ ሀበራ ዋሻ የሰው ልጅ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ይኖር እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ነዋሪዎቹ ከባልጩት የሠሯቸው መሣሪያዎችም ተገኝተዋል። ፓርኩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እንዲህ ያለ ባልጩት ከቦታው ተነስቶ በደላላ ኪስ ሲገባ የታሪክ ዋጋውን ያጣል። ሰብሳቢ የሚከፍልበት፣ ተመራማሪም የሚያነበው ከነተገኘበት አፈር ነውና።

የጠፈር ዕቃም ቢሆን ዛሬ የለንም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ፣ እንጦጦ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ ተልካለች። የዚያ ቀን ደብተሮች፣ መለዋወጫዎችና የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ለመሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎች ይመስላሉ። አሜሪካኖችም እንደዚያ መስሏቸው ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. መንግሥት ያገለገሉ የቪዲዮ ካሴቶች በጅምላ ሲሸጥ አንድ ወጣት በ217.77 ዶላር ገዛቸው። ከመካከላቸው ሦስቱ የአፖሎ 11 የጨረቃ እርምጃ የተቀረጸባቸው ሆነው ተገኙና በ2019 እ.ኤ.አ. 1.82 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። የመንግሥት ንብረት በሚወገድበት ጨረታ ሁሉ ሻጩ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ቀድሞ ቢያይ ኪሳራ የለበትም።

ከመክፈል በፊት

"ብርቅ ዕቃ አለ" ተብሎ ለተጠራ ነጋዴ የሚበጀው ጥቂት ጥያቄ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ በላቦራቶሪ ወይም በታወቀ ባለሙያ የተረጋገጠ ጽሑፍ አለ? ከመጀመሪያው ባለቤት እስከ አሁኑ ያለው ሐረግ በወረቀት ይታያል? ሕጉስ ለመሸጥና ከአገር ለማውጣት ይፈቅዳል? ሦስቱም መልስ ካላገኙ ቀብድ አይሰጥም። ዕቃው ላይ የተጻፈ ቀን ወይም ማኅተም ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑን የማርያ ቴሬዛ ብር ያስተምራል። ሁሉም 1780 የሚል ዓመት አለበት፤ ብዙዎቹ ግን ከዚያ በኋላ በተለያዩ ዘመናትና አገሮች የተመቱ ናቸው። ስለዚህ ገዢ በአብዛኛው የሚከፍለው የብሩን ክብደት ነው።

የውጭ ጨረታ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ባለሀብትም የውጭ ምንዛሪ መመሪያውን፣ የአጫራቹን ኮሚሽንና ቀረጡን ደምሮ፣ ያንኑ ገንዘብ በመጋዘን፣ በትራክተር ወይም በአክሲዮን ቢያውለው ከሚያገኘው ጋር ማወዳደር ይኖርበታል። የሉና 16ቱ ገዢ ሩብ ምዕተ ዓመት ጠብቋል።

ለሁሉም ከረጢቱን በ995 ዶላር የሸጠው የአሜሪካ መንግሥት ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዢዋ ደረሰኝ ቆርጦላት ነበር። ናሳን የሚያህል ድርጅት ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲከራከር የረታው ያ ደረሰኝ ነው።